ባለ መንኮራኩር የእጅ ሥራ ሣጥን

በአባቶቻችን ቤት እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ስፍራ ነበረው። ጠመንጃው በኩላብ ይሰቀል ነበር፤ ኮርቻው ከበሩ አጠገብ በተተከለው እንጨት ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዳዊቱ በማኅደሩ ሆኖ በራስጌ ይንጠለጠል ነበር፤ እህሉ በጎተራ፣ ቅቤው በቅል፣ ጠላው በጋን ይኖር ነበር። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቈጥር የቤት ጌታ፣ የእመቤቲቱ የእጅ ሥራ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ቢጠየቅ ግን መልስ ያጣ ነበር። ዛሬም ቢሆን ጠመንጃውና ኮርቻው ከብዙው ቤት ወጥተው ሳለ፣ የስፌቱና የፈትሉ ዕቃ እንደ ድሮው ስፍራ አላገኘም።

ዕቃው ጥቂት አይደለም። ስፌት የምትሰፋ ሴት ስንደዶና አክርማ በየነዶው፣ በየቀለሙ የተነከረ አለላ፣ ወፍራምና ቀጭን ወስፌ፣ መቍረጫ ቢላዋ፣ ሣሩን የምታርስበት ውኃ መያዣ ያሻታል። ፈትል የምትፈትል እንደ ሆነች ደግሞ መዳመጫ፣ ደጋን፣ እንዝርት፣ አመልማሎ ማኖሪያ ሙዳይና የልቃቂት መሰብሰቢያ ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ በአንድ አሮጌ እንቅብ ተጨምቆ ከአልጋ ሥር ይገፋል፤ የተረፈውም በጓዳው ማዕዘን ይከመራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አይጥ ጥጡን ለጐጆዋ ትወስደዋለች፤ ጢስ አለላውን ያጠቍረዋል፤ በክረምት ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ነዶውን ያሻግተዋል፤ ወስፌው ጠፍቶ ሰንብቶ በሕፃን እግር ይገኛል።

እኛ በሥራችን ምክንያት የንብረት ዝርዝር ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ በውርስ ክርክርም ሆነ በባልና በሚስት መለያየት። በሬው በጠጕሩ መልክ፣ ማሳው በወሰኑ፣ አልጋው በጠፍሩ ተቈጥሮ ሲጻፍ፣ ይህ የእጅ ሥራ ዕቃ ግን «ልዩ ልዩ ኮተት» ተብሎ በአንድ መሥመር ሲያልፍ አይተናል። ከዚያ ኮተት ግን የቤቱ ሞሰብ፣ ሌማትና ሰፌድ ይወጣል፤ ለነጠላውና ለጋቢው የሚሆነው ፈትልም ከዚያው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን በወስፌዋ ያሳደገችበትን ቤት የማያውቅ ወሎዬ ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ በዚህ ገጽ የምንናገረው ስለ አንድ የእንጨት ሣጥን አሠራር ነው፤ ይኸውም በመንኮራኩር የሚሄድ፣ የእጅ ሥራ ዕቃ ሁሉ በየስፍራው የሚቀመጥበት ነው። የተሠራው በሐይቅ ከተማ ነው፤ ሲሠራም ቆመን አይተናል።

ሐይቅን ስንጠራ ገዳሙን ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሐይቁ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምእት ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ነበረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ይቈጠር ነበረ። ጸሐፊው መነኵሴ ብራናውን፣ መቃ ብርዑን፣ የቀለም ቀንዱን፣ ጅማቱንና ወስፌውን እንዴት እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር። ከሐይቅ መጻሕፍት መካከል የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባለው በዚያው ምእት ዓመት መጨረሻ አካባቢ የተጻፈ ሲሆን፣ በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። ያለውን ዕቃ ቈጥሮ መጻፍ በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

መነኰሳቱ መጽሐፉን በማኅደር ከትተው በግድግዳ ይሰቅሉት ነበር። የአገራችን ሰውም በጠቅላላው ዕቃ ሲጠብቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚወድደውን ከመሬት ያነሣና ይሰቅላል። ጥበቡ መልካም ነው። የተሰቀለ ነገር ምስጥ አይደርስበትም፤ እርጥበት አይነካውም፤ አይጥም በቀላሉ አትወጣበትም። ነገር ግን አንድ ጕድለት አለበት። የተሰቀለውን የሚያወርደው መቆም የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጕድለት ያየነው በአንዲት የከተማይቱ እመቤት ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በእጃቸው ሥራ በአካባቢው የተመሰገኑ ናቸው። ካቻምና በክረምት ከደጃፍ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሕክምና አግኝተው ዳኑ፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኵዝ መቆም፣ ሸክም ይዞ መራመድም አልሆነላቸውም። በዚያን ጊዜ ለትልቋ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ሞሰብ ጀምረው ነበር። መቀመጫው አልቆ ሆዱ ከግማሽ ደርሶ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ አለላ እንደ መሰላል እየተላለፈ ይወጣበታል። ሞሰቡ በተጀመረበት ቀረ።

ልጃቸው በደሴ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ይብቃሽ፤ ሞሰቡን ከገበያ እንገዛዋለን» አላቸው። ለፍቅር ብሎ የተናገረው ነው፤ እመቤቲቱ ግን ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። በኋላ ለጎረቤት የተናገሩት ቃል ወደ እኛ ደረሰ። «የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ነበር ያሉት።

ሄደን ስንጠይቃቸው ነገሩ ከመሰለን የቀለለም የከበደም ሆኖ አገኘነው። እጃቸው ደኅና ነው፤ ዓይናቸውም በቀን ብርሃን ይሠራል። ያስቸገራቸው ዕቃው ነው። ጧት ፀሓይ በምሥራቁ በር ሲገባ ከዚያ ይቀመጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ወደ በረንዳው ሲዞር እሳቸውም መዞር አለባቸው። ነዶው ከጓዳ ነው፤ አለላው ከግድግዳ ተሰቅሏል፤ ወስፌው ከሣጥን ነው፤ ውኃው ከማድጋ ነው። እያንዳንዱን «አምጪልኝ» ማለት ይኖርባቸዋል። አብራቸው የምትኖረው ታናሺቱ የልጅ ልጃቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አሥር ጊዜ ስትጠራ ትሰለቻለች፤ እሳቸውም መጥራቱን ያፍሩበታል። ሲያዝዙ የኖሩ ሰው ሲለምኑ መዋል እጅግ ይከብዳቸዋል። ከመለመን መተዉን መረጡ።

እንግዲህ የሚያሻው እሳቸው ወደ ዕቃው መሄዳቸው ሳይሆን፣ ዕቃው ሁሉ በአንድነት ወደ እሳቸው መምጣቱ ነው። መንኮራኩር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ከአጥራቸው ወዲያ የሚኖረው አናጢ እስላም ነው፤ በሠርግና በለቅሶ ከቤታቸው የማይለይ ጎረቤት ነው። ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እንጨቱ ነው። ጥድና ወይራ እንደ ድሮው በየተራራው የሚገኝ አይደለም፤ የአገር ዛፍ ያለ ፈቃድ መቍረጥም አይገባም። አዲስ የባሕር ዛፍ ጣውላ ለመግዛት ይቻላል፤ ግን ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ ይሰነጠቃልም። ለጣራ ማገር መልካም ሲሆን ለመሳቢያ የሚሆን እንጨት አይደለም። አናጢው ግቢውን ዞሮ ሲመለከት ከፈረሰው የእህል ቤት የጥድ በር አየ። በሩን ያቆሙት የእመቤቲቱ ባል ነበሩ።

«እሜቴ፣ ይህን በር ልፍታው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በኋላ፤ «እርሱ ያቆመው ነው። ዝናብ ከሚያበሰብሰው የኔ ጥጥ ይግባበት፤ ፍታው ልጄ» አሉት።

አሮጌ ጥድ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ምስጥ ይፈራዋል፤ ሽታውም ብልን ያርቃል፤ ደግሞ ብዙ ዓመት የደረቀ ስለ ሆነ ከእንግዲህ አይጠመዘዝም። ብቻ አሮጌ ሳንቃ ከመጋዙ በፊት በውስጡ የቀረ ምስማር እንዳለ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ይገባል። የተሰወረ አንድ ምስማር የመጋዝን ጥርስ ይሰብራል፤ የመላጊያን ስለት ያጐድፋል። አናጢው ከዚያ በር አሥራ አንድ ምስማር አወጣ፤ እያንዳንዱንም አቃንቶ ለሌላ ሥራ አኖረው።

መጠኑን የወሰንነው በእመቤቲቱ አቀማመጥ ነው። ይህ ነገር ዋና ስለ ሆነ አንባቢው ልብ ይበል። ብዙ ሰው ሣጥን ሲያሠራ የቤቱን ማዕዘን ይለካል እንጂ የሚሠራበትን ሰው አይለካም። እመቤቲቱ የሚቀመጡበት በርጩማ ከመሬት 28 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከዚያ ሆነው ሳይነሡ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ማየትና እጃቸውን እስከ ታች ማስገባት ይገባቸዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ርዝመቱ 75፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሳንቃው ተላግቶ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቀረው። ከመንኮራኩሩና ከክዳኑ ጋራ ከወለሉ እስከ ላይ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ክንድ ከትንሽ ማለት ነው። አጭር ሰው እንደ ሆነ ከዚህ ዝቅ ያደርጓል፤ በወንበር ለሚቀመጥ ደግሞ ከፍ ያደርጓል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የመንኮራኩሩ ነገር ነው። በከተማ ሱቅ ትናንሽ የብረት እግር ተሽከርካሪ ይሸጣል፤ በሲሚንቶ ወይም በጣውላ ወለል ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። የእመቤቲቱ ቤት ወለል ግን በጭቃና በእበት የተመረገ ነው፤ በሩም መድረክ አለው። እንዲህ ባለው ወለል ትንሹ መንኮራኩር በመጀመሪያው ጕድጓድ ገብቶ ይቀራል። መንኮራኩር በሰፋ መጠን እንቅፋቱን በቀላሉ ያልፋል፤ ትንሹ ግን ጠጠሩን ከፊቱ እንደ ግድግዳ ያገኘዋል።

ይህን ስንናገር የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ትዝ አለን፤ ታሪኩ ከዚህ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ የተፈጸመ ነውና። በጋፋት የሚሲዮን ባለ እጆች፣ ከእነርሱም መካከል ዋልድማየር፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠሩላቸው ጊዜ ክብደቱ 70 ኵንታል ያህል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጐተቱት። ሠረገላው ባለፈበት ሁሉ አስቀድሞ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተቈፈረ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ ሳይቀር መንገድ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። ያን ያህል ወራት የፈጀው መንኮራኩሩን ማንከባለል አልነበረም፤ መንገዱን ማውጣት ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። እኛም ሣጥኑ ሳይሠራ ወለሉን አስመረግን፤ በበሩ መድረክ ላይም ሁለት ስንዝር ወርድ ያለው ተዳፋት ሳንቃ አስደረግን።

መንኮራኩሩን ከግንድ ላይ እንደ ዳቦ ቈርጦ ማውጣት ለብዙ ሰው ቀላል መስሎ ይታየዋል። አይሆንም። ግንድ ሲደርቅ በዙሪያው የሚሰበሰበው ከመካከል ወደ ዳር ከሚሰበሰበው ይበልጣል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ ይሰነጠቃል። አናጢያችን ያደረገው፣ ሁለት የዋንዛ ሳንቃ ወስዶ የአንዱን ጭረት በሌላው ጭረት ላይ አሻግሮ በኮላና በምስማር ካጣበቀ በኋላ ክቡን ማውጣት ነው። አንዱ ሊሰነጠቅ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። በዙሪያው የአሮጌ ጎማ ቍራጭ ቸነከረበት፤ ይኸውም በረባሶ ጫማ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ወለሉን አይጭርም፤ ድምፅም የለውም። ዘንጉ ወይራ ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ ሲሽከረከርበት ቶሎ አይበላም። በዘንጉ ጫፍ መንኮራኩሩ እንዳይወጣ ችንካር ይገባበታል፤ በችንካሩና በመንኮራኩሩም መካከል የብረት ቀለበት ይደረጋል።

አራት መንኮራኩር ይሁን ያለም ነበረ። እኛ አልተስማማንም። እመቤቲቱ በምርኵዝ የሚሄዱ ናቸው፤ ድንገት ቢደገፉት በአራት መንኮራኩር የቆመ ሣጥን ይሸሻቸዋል፤ ሁለተኛም ይወድቃሉ። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ ሁለት መንኮራኩር፣ በሌላው ጫፍ ሁለት የማይነቃነቁ እግሮች ተደረጉለት። በእግሮቹ በኩል ያለውን እጀታ አራት ጣት ያህል ከፍ ሲያደርጉት ይሄዳል፤ ሲለቁት እንደ ተተከለ ይቆማል። ሸክሙ በመካከል ቢሆን ግማሹን ያህል የሚሸከመው እጅ ነው፤ ከባዱ ዕቃ በመንኮራኩሩ በኩል ከተቀመጠ ግን እጀታው ይቀልላል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ልዩነት ታላቅ ነው።

ውስጡ እንዲህ ተከፈለ። በመንኮራኩሩ በኩል መዳመጫውና ውኃ መያዣው፤ እነርሱ ከባዶች ናቸውና። በመካከሉ በርዝመቱ ልክ የስንደዶውና የአክርማው ነዶ ሳይታጠፍ ይጋደማል። ነዶ ከታጠፈ ከታጠፈበት ይሰበራል። ከላይ በሁለቱ ጎን በተቸነከረ ጠርብ ላይ የሚንሸራተት ጥልቀት የሌለው መሳቢያ አለ፤ በስድስት ክፍል ተከፍሎ አለላው በየቀለሙ ይቀመጥበታል። ለወስፌው በእጀታው በኩል ባለው ጠርብ ላይ ቀዳዳ ተበስቶለታል፤ ስለቱ ወደ ታች፣ መያዣው ወደ ላይ ሆኖ ይሰካል። ጥጡና አመልማሎው በክዳን ባለው ሙዳይ ሆኖ ከነዶው ተለይቶ ይቀመጣል፤ የሣር ስብርባሪ ከጥጥ ከገባ ሲፈትሉት ክሩን ይበጥሰዋል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሲሰፉ የራሰ ሣር የተረፈ እንደ ሆነ ወደ ሣጥኑ አይመለስም። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ያደረ እንደ ሆነ ሌላውን ሁሉ ያሻግታል፤ የተነከረውም አለላ ቀለሙን ወደ ነጩ ይለቃል። አናጢው በሁለቱ ጎን ከክዳኑ በታች አምስት አምስት ቀዳዳ በሥርሥራት አወጣ፤ የጣት ወርድ የማያክሉ፣ አየር የሚገባባቸው፣ አይጥ የማትገባባቸው ናቸው።

በክዳኑ ውስጥ ወገን ደግሞ ወረቀት ለጥፈን የዕቃውን ዝርዝር ጻፍንበት። ታናሺቱ ልጅ ታነብበዋለች፤ ማታ ሲከደን «ወስፌ ወፍራም 2፣ ቀጭን 3» እያለች ትቈጥራለች።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ። ከእነዚህም ሁለቱን ቀን መጋዙን የያዘው ከደሴ የመጣው ልጃቸው ነበር። ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ ማዕርግ ሰው መጋዝ ቢይዝ ከክብሩ የሚጎድል የሚመስላቸው ሰዎች እስከ ዛሬ አልጠፉም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብ በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከአዋጁ በኋላ መቶ ዓመት አልፎ እንኳ የሣጥኑን አሠራር ለማየት ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሽማግሌ፣ «ይህስ የአንተ ሥራ አልነበረም» ሲሉት ሰማን። ልጃቸው መልስ አልሰጠም፤ እንጨቱን በጕልበቱ ይዞ መጋዙን ቀጠለ። እናቱ ከበርጩማቸው ሆነው ያዩት ነበር። እኛ እንደሚመስለን ያን «ይብቃሽ» ያለውን ቃል የሻረው በዚያ ነው፤ ሁለተኛም አላነሣው።

ሣጥኑ በገባ በማግሥቱ ጧት ልጅቱ እጀታውን ይዛ ከጓዳ እስከ ምሥራቁ በር ገፋችው፤ ከቀትር በኋላም ወደ በረንዳው ወሰደችው። ቀድሞ አሥር ጊዜ ትጠራ የነበረችው አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ትጠራለች። ከዚህም የተነሣ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ልጅቱ መላላክ ሲቀርላት ከሣጥኑ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ የአለላውን መሳቢያ ለማስተካከል ነበር፤ በኋላ «አያዬ፣ ይህን ቀይ የት ታገቢዋለሽ?» ማለት መጣ፤ ጥቂት ሰንብቶም ቀጭኑ ወስፌ በእጇ ነበር። የጀመረችው የሙዳይ መቀመጫ ጠማማ ነው። አያቷ ሦስት ጊዜ ፈትተውባታል፤ አራተኛውን ትተውላታል።

ትልቁ ሞሰብ ከሠርጉ በፊት አለቀ። ሆዱ የተጀመረበት ቀይ አለላ በገበያ እንደ ገና ሲፈለግ ያው ቀለም አልተገኘም፤ አዲሱ ትንሽ ይደምቃል። አስተውሎ ለሚያይ ሰው የአሮጌውና የአዲሱ ቀይ ወሰን እስከ ዛሬ ይታያል፤ በክረምት የወደቁበትና በሚከተለው ዓመት ሥራ የቀጠሉበት ስፍራ ነው። ክዳኑ ላይ ያለውን ግን አንድ ወጥ አድርገው ሰፉት።

ይህን ሣጥን ለማሠራት የሚያስብ አንባቢ ስለ ቅቡ ጥቂት ይወቅ። እንጨቱ በመላጊያ ከተላገ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ወደ ጭረቱ አቅጣጫ ይታሻል። ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ እየነከሩ በስሱ ይቀቡታል፤ አንድ ቀን ከአየር አኑረው ደግመው ይቀቡታል፤ በመጨረሻ ሰም ቀብተው በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉታል። ውስጡን ግን አይቅቡት፤ ጥጥና ሣር ዘይት ይስባሉና፤ የጥዱም ሽታ የሚጠቅመው ሳይሸፈን ነው። ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨምቆና ተጠቅልሎ በቤት መጣል የለበትም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከመረ ጨርቅም ማንም ሳይለኵሰው ራሱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ከደጅ በድንጋይ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም በውኃ ይንከሩት።

ዘንጉን በወር አንድ ጊዜ ሞራ ይቀቡታል። ሞራ ከሌለ ደረቅ ሳሙና ማሸት ይበቃል። መንኮራኩሩ መንጫጫት ሲጀምር ችንካሩን አውጥተው የብረት ቀለበቱን ይመልከቱ፤ አልቆ እንደ ሆነ ይለውጡት።